ሥራ የሌላቸው ሰዎች ፌርማታ

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት አንድ ቤት ነው፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ባልየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ጫማውን ያስራል፣ ኮቱን ይደርባል፣ ከበሩ ወጥቶ በቀጥታ ጋራዡ ይደርሳል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ መንገዱ ይኸው ነው። አገባ፣ መንገዱ አልተለወጠም። ወለደ፣ አልተለወጠም። እናቱ ታመው እሱ ዘንድ መኖር ሲጀምሩም የእሱ መንገድ ንቅንቅ አላለም።

የእሷ መንገድ ግን በዕድሜዋ ልክ ሲጠማዘዝ ኖሯል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ትልቅ ወርክሾፕ ውስጥ ኮሌታና እጅጌ ትገጥማለች። ልጃገረድ ሳለች ትንሽ ቦርሳ በትከሻዋ ጣል አድርጋ፣ በአንድ አውቶቡስ ሽው ብላ ትደርስ ነበር። ያኔ ወንዱ ሁሉ ወንበር ሊለቅላት ይሽቀዳደም ነበር። ሆዷ ሲገፋ ግን እሷ ገና በሩን ስትረግጥ ተሳፋሪውን በሙሉ እንቅልፍ ይጥለው ጀመር። ከዚያ ልጅ ጀርባዋ ላይ፣ የልጅ ጓዝ ትከሻዋ ላይ ሆነ። በመጨረሻ አማቷ የስኳር ሕመም ካመጣባቸው የእግር ቁስል ጋር መጡ። ዛሬ ከቤት ስትወጣ በአንድ እጇ ልጇን ሚጢን፣ በሌላው አማቷን ይዛ ነው። ምሳዋን የምትይዝበት ሦስተኛ እጅ ስላልተፈጠረላት ከአንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች።

ከተማው ለማን ታስቦ እንደተሠራ ማወቅ የፈለገ፣ ሊቅ መጠየቅ አያስፈልገውም። አንድ ቀን ልጅ አዝሎ ይሳፈር።

ደግነቱ አንዲት ፌርማታ ነበረች። የአማቷ ቁስል የሚታሸግበት ክሊኒክና ሚጢ የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ በር ለበር ናቸው፤ ፌርማታዋም ከሁለቱ ፊት ለፊት ነበረች። አውቶቡሱ ሲቆም ልጅቷን ለሞግዚቷ ታቀብላለች፤ አማቷን ደግፋ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፤ ከዚያ ተከታዩን አውቶቡስ ይዛ ወደ አደባባዩ ትሄዳለች። ወርክሾፑ አደባባዩ ላይ ነው። አማቷ ቁስላቸው ከታሸገ በኋላ ከዚያው ተሳፍረው ቀስ እያሉ ብቻቸውን ይመለሳሉ። በዚህች በአንዲት ፌርማታ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ተያይዞ ቆሞ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ታዲያ አውቶቡሱ ክሊኒኩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ደወሉን ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነችና «ወራጅ አለ!» አለች። ቲኬት ቆራጯ ዞር ብላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ፈጣን መስመር እንደሆነ፣ እዚህ መቆም እንደቀረ፣ መውረጃው አደባባዩ ጋ እንደሆነ ነገረቻት። ሚጢ በመስኮት ማቆያዋን እያየች እጇን አወዛወዘች። አማቷ «ኧረ አለፍነው!» ብለው ሊነሱ ሲሉ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ፣ እማማ ይቀመጡ፣ እኛ እኮ ሥራ አለን፣ ብሎ ገሠጻቸው።

እሷስ ወዴት የምትሄድ መሰለው? ሽርሽር? አንድ ሰው ከረባት አንገቱ ላይ ስላንጠለጠለ ሠራተኛ፣ ምሳ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ደግሞ ሥራ ፈት የምትሆንበትን ምክንያት ማን ያስረዳት? አፏ ድረስ የመጣውን ዋጠችው። በዚያ ዘመን ገና ትውጥ ነበር።

አደባባዩ ላይ ወረዱ። የወርክሾፑ ቆርቆሮ ጣሪያ እዚያው ፊቷ ላይ ይታያታል፤ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ይመስላል። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው፣ ልጇን ጎትታ አማቷን ደግፋ፣ ወደመጣችበት መመለስ ነበረባት። አስፋልቱን በእግር መሻገር አይቻልም፤ በብረት ታጥሯል። መሻገሪያው ቀጥ ያለ ደረጃ ያለው የእግረኛ ድልድይ ነው። አማቷ አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ሌላ ይወጣሉ፣ ያርፋሉ። «አይዞሽ ልጄ፣ ደረስን» ይላሉ፤ አልደረሱም። ያንን ድልድይ በክሊኒክና በበሽተኛ መሃል ያቆመው ሰው እናት የለውም ማለት አይደለም፤ እናቱን ክሊኒክ የምታደርስለት ሌላ ሴት አለችው ማለት ነው።

አድርሳቸው እየሮጠች ስትመለስ የወርክሾፑ በር ተዘግቶ ነበር። ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ ሠራተኛ በትንሿ መስኮት በኩል ለአለቃው ምክንያቱን ያስረዳል፤ ደንቡ ነው። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ በዚያ በለስላሳ ድምፁ ሰውን አንጀቱ ድረስ ያቆስላል እንጂ። ሥራና ቤት እንደማይቀላቀል፣ ያላገቡት ልጆች በሰዓታቸው እንደሚደርሱ፣ እሷም ድሮ እንዲህ እንዳልነበረች አስታወሳት። ልክ ነው፤ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እሷ የተቀጠረችው እያረፈደች ታስቸግራለች ተብላ በተሰናበተች አንዲት የልጆች እናት ስፌት መኪና ላይ ነበር።

በዚያ ሳምንት እንደገና አረፈደች። ደግማም አረፈደች። አርብ ዕለት አለቃው አንዲት ወጣት አስከትሎ መጣና ኮሌታ አገጣጠሙን እንድታሳያት አዘዛት። ልጅቷ ትንሽ ቦርሳ በትከሻዋ ጣል አድርጋለች፤ ፊቷ ያበራል፣ ጥፋት የለባትም። አለቃው ለብቻዋ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታረፍድ ስፌት መኪናዋ ለዚህች ልጅ እንደሚሰጥ ነገራት። የከፋውን ነገር በተናገረ ቁጥር ድምፁ ይበልጥ ይለሰልሳል።

ቀድመሽ ተነሺ የሚል መካሪ አልጠፋም። ቀድማ ብትነሳስ? ማቆያው በሩን የሚከፍተው በራሱ ሰዓት ነው፤ ክሊኒኩም እንደዚያው። በተዘጋ በር ፊት ቀድሞ መቆም ብርድ ያተርፋል እንጂ ጊዜ አያተርፍም። መካሪ ሁሉ ይህን ሲነግሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

የዚያን ዕለት ምሽት ባሏ ከወትሮው ቀደም ብሎ፣ ፊቱ በርቶ ገባ። እስከዚያ ድረስ የከሰዓት ተረኛ ነበር፤ እሷ ስትወጣ ተኝቶ ይቀራል፣ እሱ ሲገባ እሷ ተኝታለች፤ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ወሬ የሚለዋወጡት በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ሳይቀመጥ ማውራት ጀመረ። ድርጅቱ ሾፌሮቹን በሙሉ ሰብስቦ፣ ጊዜ የሚበላባቸውን ፌርማታ እያንዳንዳቸው እንዲጠቁሙ ጠይቆ ነበር አለ። የእሱ ሐሳብ ተመረጠ። ሥራም ላይ ዋለ፤ መስመሩ ፈጣን ሆነ። ዛሬ በሾፌሮቹ ፊት ተጨበጨበለት፤ አዲስ አውቶቡስ ተሰጠው፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የጠዋት ተረኛ ነው። ተጨበጨበ ሲባል ሰምታ ሚጢም አጨበጨበች።

ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋችው።

«የትኛውን ፌርማታ ነው ያስዘጋኸው?»

«ያቺን ክሊኒኩ ጋ ያለችዋን ነዋ» አለ እየሳቀ። «አንዷ አሮጊት ናት፣ አንዷ ልጅ ያዘለች ናት፣ አንዷ ዘንቢል ተሸክማለች። እነሱ ወጥተው ወርደው እስኪጨርሱ መኪናው ይተኛል። ሥራ የሌላቸው ሰዎች ፌርማታ ናት።»

ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ብትወረውረው ኖሮ ይቀላት ነበር።

«እናትህ ክሊኒክ የሚሄዱት የት ወርደው ይመስልሃል?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። አሰበ። አየችው፤ ከምሩ እያሰበ ነው። እናቱ ክሊኒክ እንደሚሄዱ ያውቃል፤ ልጁ ማቆያ እንደምትውልም ያውቃል። በምን እንደሚሄዱ፣ የት እንደሚወርዱ ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። ክሊኒኩ ጓሮ ያለ፣ ልጅቷም ተኝታ ስትነሳ ማቆያው ውስጥ የምትገኝ ይመስል። እሱ በከሰዓት ተራው በዚያች ፌርማታ ሲቆም ያየው የሌላ ሰው ሚስትና የሌላ ሰው እናት ነው፤ የራሱ ሚስትና እናት በጠዋት አልፈዋል። ንዴቷን ያባሰውም ይኸው ነው። አውቆ ቢያደርገው ክፉ ነው ብላ በወጣላት። ሳያውቅ ነው ያደረገው፣ ደግሞም ተጨብጭቦለት።

«ብትነግሪኝ ኖሮ...» አለ።

የጠየቀ ይመስል። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ተዘጋው በር፣ ስለ አዲሷ ልጅ አንድ በአንድ ነገረችው። ከሥራዋ መባረር አፋፍ ላይ እንደቆመችና የገፈተራትም እሱ እንደሆነ ቁርጡን ነገረችው። እሱ ጣቶቹን እያፍተለተለ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚቻል፣ ውሳኔው የድርጅቱ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ አጉተመተመ። ሲጨበጨብለት የእሱ ነበር።

እናትየው ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። እኚህ እናት ልጃቸውን አስነክተው አያውቁም። ጥፋቱ ፀሐይ ቢሞቀውም ልጃቸው ልጃቸው ነው። «ተይው፣ አታስጨንቂው፤ ታዞ ነው» አሉ። ደግሞም ሰኞ የሚነዳው ራሱ እንደሆነ፣ ሕጉ ለሌላው ሕግ ቢሆንም እናቱን ይዞ የክሊኒኩን በር እንደማያልፍ አረጋገጡላት። ልጅየው እሺም እንቢም አላለም። እናቱ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ሚስቱ ግን ዝምታውን ታውቀዋለች፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለው ተረት ትዝ አላት፤ በእናቱ ፊት ስለሆነ በሆዷ ያዘችው።

ሰኞ ደረሰ። አማቷ ንጹሕ ሻሽ አሥረው፣ የልጃቸውን አዲስ አውቶቡስ ሊመርቁ የሚሄዱ መስለው ወጡ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሚጢ «አባዬ ነው የሚነዳው! የኔ አባዬ ነው!» እያለች ለተሳፋሪው ሁሉ አወጀች። አጠገባቸው ዱላ የያዙ ሴትዮ ነበሩ፤ እሳቸውም ክሊኒክ ሂያጅ ናቸው። አማቷ ጠጋ ብለው፣ ዛሬ ድልድይ መውጣት እንደሌለ፣ ሾፌሩ ከማኅፀናቸው የወጣ ልጅ እንደሆነ፣ እዚያው በሩ ላይ እንደሚያወርዳቸው ነገሯቸው። ባለ ዱላዋ ሴትዮ የተባረከ ይሁን ብለው ወደ ፊት አጎንብሰው ጀርባውን መረቁት። ሾፌሩ ሰምቷል፤ ጆሮው ሲቀላ ሚስቱ ከኋላ አይታለች።

ክሊኒኩ መታየት ጀመረ። ደወሉን ተጫነች። አሁን ከቆመ ሥራዋ ተረፈ፤ ካልቆመ ያቺ ባለ ትንሽ ቦርሳ ልጅ ዛሬ በእሷ መኪና ላይ ትሰፋለች። ባሏ በመስተዋቱ አያት። ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው አልተሳፈረም። የሚያስፈራው ነገር ቢኖር ሰዓቱን እያየ ጉሮሮውን የሚጠራርገው ያ ባለ ከረባት ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ደርሰናል» አሉ እናቱ።

«እማዬ፣ እዚህ መቆም ቀርቷል።»

«ለኔም?»

ዓይኑን ከመስተዋቱ ነቅሎ መንገዱ ላይ አደረገ። እግሩም ነዳጁ ላይ እንደተጫነ ቀረ። የክሊኒኩ በር አለፈ፤ አግዳሚ ወንበሩ አለፈ፤ የማቆያው ሞግዚት በር ላይ ቆማ ሚጢን ስትጠብቅ ታየች፣ እሷም አለፈች። «አባዬ፣ እዚህ ነው እኮ» አለች ሚጢ። ባለ ዱላዋ ሴትዮ ምርቃታቸውን እንዴት እንደሚመልሱት ቸገራቸው። አማቷ ቀና ብለው የልጃቸውን ማጅራት እያዩ ቀሩ። እስከ አደባባዩ ድረስ እሷም ለእሳቸው አዝና ለራሷ ማዘኑን ረሳችው።

በሩ ተከፈተ። ከረባት ያሰረው ወረደ፤ ወንዶቹ እየተጋፉ ወረዱ። እሷ የሚጢን እጅ ይዛ፣ እንደ ልማዷ አማቷን ልትደግፍ ብብታቸው ሥር ገባች። እሳቸው ግን እጃቸውን ከእጇ አወጡ።

«አልወርድም» አሉ።

ልጃቸው ዞረ። ሰው እየጠበቀ እንደሆነ፣ ሰዓት እንደሚያልፍበት እያቻኮለ ነገራቸው።

«ይለፍ» አሉት። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ግን እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። «አንተን አዝዬ ከሰው ቤት ሰው ቤት ልብስ ሳጥብ ይህን ከተማ በእግሬ ነው የጨረስኩት። ያኔም ሥራ የላትም ነበር የምባለው። ይህ እግር ዝም ብሎ አልቆሰለም። አሁን ተራህ ነው፤ ይዘኸኝ ዙር። ስትመለስ በዚያው በር ታልፋለህ። ካቆምክ እወርዳለሁ። ካላቆምክ እስኪመሽ አብሬህ እዞራለሁ፤ እኔ እንደሆነ ሥራ የለኝም።»

ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ልጃቸውን ሲተዉ ምን ያህል እንደከበዳቸው እሷ ብቻ አወቀች።

«ሚጢን ከጎኔ አስቀምጫት። ማቆያዋ ስንደርስ ራሱ ያስገባታል፤ አባት አይደል? አንቺ ሂጂ፣ በር ይዘጋብሻል።»

ሚጢን አስቀመጠቻት። ጓዟን አጠገቧ አደረገች፤ የአማቷንም ፋሻና መድኃኒት። ባለ ዱላዋ ሴትዮ በሩ ጋ ደርሰው ነበር፤ አዩና ተመልሰው ቁጭ አሉ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴትም አንቀልባዋን አስተካክላ ወንበሯን ያዘች። ከኋላ አንድ ሰው ጉድ ነው አለ። ሾፌሩ መሪውን ይዞ ቀርቷል።

«ልጅቷን የት ላድርጋት?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«እኔም» አለችውና ወረደች።

አስፋልቱ ዳር ቆማ ባዶ እጆቿን ምን እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ሄደች። የሚጎትታት የለም፣ የምትጎትተው የለም፤ አንገቷ ላይ ምሳዋ ብቻ ይወዛወዛል። ከፌርማታው እስከ ወርክሾፑ በር ያለው መንገድ አለቀ፤ ገና መራመድ ስትጀምር አለቀ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ደሟ ፈላ። ይህቺ ናት መንገዱ? እሱ ዕድሜ ልኩን እየሄደባት ደከመኝ እያለ የሚገባባት፣ አለቃው ቀላል ነገር ነው እያለ የሚመክራት መንገድ ይህቺ ናት? ሸክሟ በዝቶ እንጂ እግሯ ሰንፎ እንዳላረፈደች ልቧ ድሮም ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ግን በእግሯ ለካችው።

ደወሉ ገና አልተደወለም። አለቃው በር ላይ ቆሟል፤ አዲሷ ልጅ ከጎኑ ናት። እሷን ሲያይ በዚያ ለስላሳ ፊቱ ፈገግ አለ።

«አየሽ?» አለ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማው። «ሲፈልጉ ይቻላል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አንገቷን ደፍታ ታልፍ ነበር። ዛሬ ቆመች።

«ስፈልግ አይደለም» አለችው። «ልጅቷን ለአባቷ፣ አማቴንም ለልጃቸው አስረክቤ ነው የመጣሁት።»

አለቃው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ የሳቀ ግን አልነበረም፤ የልጆች እናት ከሆኑት ሠራተኞች አንዳቸውም ፈገግ አላሉም። አዲሷ ልጅ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

«ነገስ?» አላት አለቃው፣ ሳቁ እየከሰመ።

«ነገም» አለችና አልፋው ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች።